የሁለት ነገሥታት ዓመትና የሜርስታው መርዶ

ከሃግሴትራ መነሣት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሰፈሬ ከሃግሴትራ ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ ሁለት ነበር፤ አንደኛው የሞተ ፈረስ ማየት፣ ሁለተኛው ለአንድ ሽማግሌ መርዶ መንገር። ሁለቱንም ለማድረግ ከእኔ የተሻለ ሰው ስቶክሆልም ውስጥ አይገኝም ብዬ አምን ነበር። አንባቢ ይህን እምነቴን ለጊዜው ይያዝልኝ።

ስሜ ደምሴ ነው። ሰባዎቹን እያገባደድኩ ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁት ስለ ደን ልማር ነበር፤ ተምሬም ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስዊድንን ጥድ ስቆጥር ኖርኩ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ጆሮዬ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ፈቃድ ይወጣል። ልቤ ውስጥ ሐኪሞች አንዲት ቀጭን ቱቦ አስቀምጠዋል። ምንም ያልሆነው አፌ ብቻ ነው። የዚህ ከተማ ሐበሻ መርዶ ነጋሪ ሆኜ የቀረሁትም በዚሁ በአፌ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ የራሴ ሕግ አለኝ። አገር ቤት ሰው የሞተበት ሰው በስልክ መስማት የለበትም። አገር ቤት መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ እዚህ ግን ሃያ ሰው በማለዳ ጮኾ ቢያለቅስ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራልና ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን አልኩ። ባለጉዳዩ መድኃኒት ወሳጅ ከሆነ መዋጡ ይጣራ። ከዚያ በኋላ እህል አይወርድለትምና አስቀድሞ ይብላ። ከረጅሙ ሶፋ መሀል፣ በሁለት ጠንካራ ሰዎች መካከል ይቀመጥ። ለቀስተኛው መኝታ ቤት ገብቶ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ። አንዲቷ ሕግ ደግሞ የራሴ ፈጠራ ስለሆነች እኮራባት ነበር። እዚህ አገር ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ በር ላይ የጫማ ክምር ያየ ባለጉዳይ ደግሞ ሁሉ ነገር ይገባዋል። ስለዚህ ጫማው በሙሉ ተለቅሞ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይከተታል፣ መጋረጃው ይሳብበታል።

የዛሬው ባለጉዳይ ተሰማ ነበር። ተሰማ የውሃ መሐንዲስ የነበረ ጓደኛዬ ነው። ወደዚህ አገር የመጣነው በአንድ አውሮፕላን፣ ለብርዱ የማይረባ አንድ ዓይነት ስስ ኮት ለብሰን ነው። አሁን ከከተማው በስተሰሜን፣ ሜርስታ፣ ከባለቤቱ ከዘነበች ጋር ይኖራል፤ ዳሌውን ስለሚያመው ከቤት እምብዛም አይወጣም። ሐሙስ ዕለት ወዳጄ አልማዝ ደወለችልኝ።

"የጋሽ ተሰማ ታላቅ እህት ደሴ ላይ አርፈዋል" አለችኝ። "እርስዎ ካልነገሯቸው ማን ይነግራቸዋል?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። የሰው ሞት ላይ ተፈላጊ መሆን ያኮራኛል፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ቤቱ የራሱ የተሰማ ስለሆነ ለቀስተኛው ቀድሞ ገብቶ መደበቅ አይችልም፤ ስለዚህ እኔና አልማዝ ቀድመን እንገባለን፣ ሰዉ ከኋላ ይመጣል ተባባልን።

ፈረሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በጎረቤት ሰፈር በሮግስቬድ በወር አንዴ የምንሰበሰብ ጡረተኞች አለን፤ በየተራ አንዳችን እናወራለን፣ ሌሎቻችን እናንቀላፋለን። ተራዬ ደርሶ ስለ አንድ ዓመት ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፈረንጆች 1632 ስለሚሉት ዓመት። በዚያ ዓመት በሰኔ የእኛ ንጉሥ ዘውዱን ለልጁ ለቀቀ። አገሩን ወደ ሮም ሃይማኖት አስገባለሁ ብሎ ሕዝብ ከሕዝብ ሲተላለቅ ያየ ንጉሥ ነው፤ ከሬሳው ብዛት የተነሣ ልቡ ተሰብሮ የጥንቱን ሃይማኖት መለሰና ተወው። ልጁ በኋላ ጎንደር ላይ ግንቡን ያሠራው ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር የስዊድን ንጉሥ ጀርመን አገር በጉም ውስጥ ሲዋጋ ተገደለ፤ ስድስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጁ ወራሽ ሆነች። በዚያው ዓመት አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ የምትዞረው መሬት ናት የሚል መጽሐፍ አሳትሞ መከራውን ወደ ቤቱ ጠራ። ሕንድ ውስጥ አንድ ንጉሥ ለሞተችበት ሚስቱ ነጭ መቃብር ያስገነባ ነበር። ሆላንድ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ተወለዱ፤ አንዱ አድጎ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ሣለ፣ ሌላው የመነጽር መስተዋት እየሞረደ ስለ እግዚአብሔር ሲያስብ ኖረ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ምን እንደተማረ ደጋግሜ አሰብኩ። ቶሎ መግደልን ተምሯል፤ ሌላ አላገኘሁም።

ይህን ንግግር ገና ሳልናገረው ጉድ ያደረገው ታናሽ ወንድሜ ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁ ጎንደር የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ ከእናታችን ልጆች የቀረነው እሱና እኔ ነን። በስልክ የድምፅ መልእክት እየተላላክን እንከራከራለን። የመጨረሻ መልእክቱ እንዲህ የሚል ነበር፦

"አንተ ሰውዬ፣ የፈረንጅ ዓመት ላይ ተጣብቀህ ቀረህ። በእኛ ከቆጠርከው ዘውዱ የተለቀቀው በ1624 ሰኔ ነው። መስከረም ሲጠባ ዓመቱ ተለወጠ። የእኛ ንጉሥ የሞተው በዚያው መስከረም ነው፣ የእነሱ በኅዳር። ሁለቱም የሞቱት በአንድ ዓመት ነው፣ በ1625። ስለ ዘውዱ ተወውና ስለ ሞቱ አውራ። ዓመትህን ቀይር።"

አልቀይርም አልኩት። ልክ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ለታናሽ ወንድሜ ልክ ነህ ብዬ ስለማላውቅ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ መጀመሩ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። ጎንደር ኔትወርክ ሲጠፋ ለሳምንታት ይጠፋል፤ የላክሁት መልእክት ሁሉ አልደረሰም የምትል አንዲት ግራጫ ምልክት ይዞ እንደቆመ ነው። ተሸንፎ አኩርፏል አልኩ ለራሴ።

ሮግስቬድ

ከሃግሴትራ በአረንጓዴው የምድር ባቡር መስመር የመጀመሪያው ጣቢያ ሮግስቬድ ነው። አልማዝ እዚያ ገባች። በካፖርቷ ሥር ጥቁር ለብሳለች፣ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች። አልማዝ ዕድሜዋን ሙሉ የስዊድን ሽማግሌዎችን ስትንከባከብ፣ የሞቱትን አጥባ ስትገንዝ ኖራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ምላሷ ከእኔ ምላስ ይከፋል፤ በአንድ ፉርጎ ከተሳፈርን ሰው ጋዜጣውን አጥፎ ያየናል።

"ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ውጠዋል?" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

"የትኛውን? የልቤን ነው የአፌን?"

"የልብዎን።"

"ውጫለሁ። የአፌ እስካሁን አልተገኘለትም።"

ሳቀች። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልማዝ በቀልዴ ስቃ አታውቅም፤ የዘወትር መልሷ "ይችኛዋ ቀልድ ከእርስዎ ጋር ጡረታ መውጣት ነበረባት" የሚል ነው። ባለፈው ሳምንትም እየጎተተች ቮርድሴንትራል ወስዳኝ ነበር፤ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ ግፊቴን ለክታ ደህና ነው ስትል አልማዝ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። እኔ ደግሞ፣ ጅል ሽማግሌ፣ ይቺ ሴት ወደደችኝ እንዴ ብዬ ሁለት ቀን ጢሜን በደንብ አስተካከልኩ።

መስኮቱን የዝናብ ጭጋግ ሸፍኖታል። በዚያ ሰሞን ስዊድኖች ሙታናቸውን ያስባሉ፤ ሁለት ሴቶች በመቃብር ላይ የሚበሩ ሻማዎች ጭነው ከፊታችን ተቀምጠዋል። ዛፎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ይህ አገር በኅዳር መብራቱን አጥፍቶ የሚሄድ አከራይ ይመስላል።

ጋምላ ስታን

በአሮጌው ከተማ ወረድን። ድንጋይ ንጣፉ ያዳልጣል። አልማዝ ክንዴን ያዘች፤ እኔም ያዝኳት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በጠባቡ መንገድ ጥግ አንድ ኬክ ቤት ስናልፍ በመስኮቱ የስዊድኑን ንጉሥ ኬክ አየሁ። ንጉሡ የሞተበት ቀን ሲደርስ ክሬም የሞላበት ኬክ ጋግረው በላዩ ላይ የንጉሡን ጭንቅላት በቸኮሌት ያስቀምጣሉ። ለሞተ ንጉሥ የሚበላ ተዝካር መሆኑ ነው። ሁለት አዘዝኩ፤ ዋጋውን ስሰማ ጎንደር ላይ በዚህ ገንዘብ ስንት ዶሮ እንደሚገዛ አሰብኩና ማሰቤን አቆምኩ።

"ጭንቅላቱን ማን ይብላው?" አልኳት።

"እርስዎ ይብሉት" አለች። "ዛሬ የፈለጉትን ይብሉ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ስኳር አንድ ሰዓት ትመክረኝ ነበር። የራሷን ኬክ አልነካችውም፤ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፈረሱ ያለው ቤተ መንግሥቱ ሥር ባለው ሙዚየም፣ በድንጋይ ቅስት በተሠራ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ንጉሡ በተገደለበት ቀን የጋለበው ፈረስ ነው። እሱም ቆስሎ ነበርና ከወራት በኋላ ሞተ፤ ቆዳውን ሞልተው አቆሙት። አንገቱ የወየበ፣ ቁመቱ ከጠበቅሁት ያነሰ ፈረስ ነው። የመስተዋት ዓይኑ የትም አያይም። አጠገቡ ንጉሡ የለበሳቸው ልብሶች በመስተዋት ውስጥ ተዘርግተዋል፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልታጠበም።

"ይህ ንጉሥ ሲሞት" አልኩ ንግግሬን በአልማዝ ላይ እየተለማመድኩ፣ "ወሬው እዚህ እስኪደርስ ሳምንታት ፈጀ። በዚያ መሀል ይህ ከተማ ንጉሡ በሕይወት አለ ብሎ ይጸልይለት ነበር። ለሞተ ሰው ዕድሜ ይለምኑለት ነበር። ልጅቷም አባቴ መቼ ይመጣል እያለች ትጠይቅ ይሆናል። ሚስቱ ደግሞ ሬሳው ሲመጣ አላስቀብርም ብላ ስንት ጊዜ አቆየችው።"

ዞር ብዬ አየኋት። አልማዝ ሸሚዙን እያየች ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው። ስንቱን ሬሳ አጥባ አንድ ቀን ዓይኗ ሲረጥብ አይቼ የማላውቅ ሴት ናት።

"ምነው፣ ንጉሡ ዘመድሽ ነበር?"

"ሸሚዙን ማጠብ ነበረባቸው" አለች። "ሰው እንዲህ አይተውም።"

አረጀች አልኩ በልቤ። ምስኪን፣ እንደ እኔ ብርቱ አይደለችም።

ወደ ሰሜን በባቡር

ፔንደልቶግ የሚሉትን የከተማ ዳር ባቡር ለመያዝ ወደ መሬት ሆድ የሚወርደውን ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወረድን። ሰው በቁሙ የሚቀበር ይመስላል። ባቡሩ ከመሬት ሲወጣ ቀኑ ገና በቀትር መምሸት ጀምሯል። እርሻው ጥቁር ነው፣ ጥዱ ጥቁር ነው፣ ሐይቁ የእርሳስ ቀለም አለው። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ጥድ ነው፤ ዞር ብሎ እንኳ አያየኝም።

አልማዝ ከቦርሳዋ ውሃ አውጥታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ለተሰማ እንዴት እንደምጀምር ነገርኳት። "ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዙሪያውን በመዞር ነው" አልኳት። "ሁላችንም ሟቾች ነን፣ እግዜር የወደደውን ይወስዳል እያለ ሰውዬውን ያንጠለጥለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የሟቹን ስም ነው የምጠራው። ስሙ ከተጠራ ሌላው ሁሉ ራሱ ይመጣል።"

"ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት?"

"ሁልጊዜ። አንድም ሰው አስቀድሞ ነቅቶብኝ አያውቅም። ከእጄ እየበሉ፣ እየሳቁ ነው የምደርስባቸው።"

"አንድም ሰው?"

"አንድም።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ደግሞ ስልኬን አወጣሁ። የፈረሱን ፎቶ ለዓለማየሁ ላክሁና ድምፄን ቀዳሁለት፤ ፉርጎው በሙሉ ሰማኝ። "የታሪክ አስተማሪው፣ ይኸውልህ ምስክር ይዤብሃለሁ። ፈረሱ ራሱ 1632 ነው የሚለው። ዝም ያልከው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ወይስ መልስ ጠፍቶህ? ተሸነፍኩ ማለት እኮ አያሳፍርም፤ የለመድከው ነገር ነው።"

ላክሁት። አንዲት ግራጫ ምልክት ወጣች። አልማዝ አንገቷን አልመለሰችም። በመስተዋቱ ላይ ግን ፊቷን አየሁት፤ በእጇ አፏን ይዛ ነበር።

ሜርስታ

ሜርስታ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው በጣሪያው ላይ የሚያልፉበት ሰፈር ነው። ከጣቢያው በአውቶቡስ ትንሽ ተጉዘን ወረድን። ሊፍቱ ውስጥ ካፖርቴን አስተካከልኩ፣ ፊቴን የመርዶ ነጋሪ ፊት አደረግሁት፤ ያልከፋው፣ ያልሳቀ ፊት። መስተዋቱ ውስጥ ያየሁት ግን ጫፉ ላይ ክሬም የቀረበት ጢም ነው።

በሩን የከፈተልን ራሱ ተሰማ ነው፣ በምርኩዙ ተደግፎ። አቀፈኝ። ረጅም እቅፍ ነበር፤ ምርኩዙ ወደቀና እሱን ለማንሣት እንኳ አልለቀቀኝም። ምስኪን ወንድሜ፣ ሳያውቀው ልቡ ነግሮታል አልኩ።

"ከሳህ" አለኝ።

"ካንተ የተረፈኝን ነው የምበላው" አልኩት።

ዘነበች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ጋሽ ደምሴ፣ እንኳን በደህና መጡ። ቅቅሉ ደርሷል፣ ይቀመጡ፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።" ዓይኗ አብጧል። ሽንኩርት ነው አልኩ። በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከእኔና ከአልማዝ ጫማ ሌላ የነበረው የባልና ሚስቱ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። መልካም፣ ሰዉ ገና አልደረሰም።

የሽማግሌ ፊኛ መርዶ አይጠብቅም። ቅቅሉ እስኪቀርብ መታጠቢያ ቤት ልግባ አልኩ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። አልማዝ "ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩና..." ስትል ገብቼ በሩን ዘግቼ ነበር።

ጉዳዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ተንገዳገድኩና የገንዳውን መጋረጃ ያዝኩ። መጋረጃው ተሳበ። ገንዳው እስከ አፉ ጫማ ነው። የወንድ ጫማ፣ የሴት ቦት ጫማ፣ ውሃ የጠጣ የስፖርት ጫማ፣ ተረከዙ ያለቀ የሽማግሌ ጫማ። ባለ ቀይ ማሰሪያውን አወቅሁት፤ በሮግስቬዱ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የሚያንቀላፋው ሰው ጫማ ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። ሕጌን ጠበቁልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥዬም፣ ሰዉ ከእኛ በኋላ ነው የሚመጣው አልተባለም እንዴ አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ቤቱ እኮ የተሰማ ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ሰው በር ከፍቶ ያስገባው ተሰማ ነው፣ በገዛ መኝታ ቤቱ ያስቀመጠውም እሱ ነው። ጫማው ከተሰማ ሊደበቅ አይችልም።

በዚያ ቤት ውስጥ ጫማው የሚደበቅበት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቧንቧውን ሳይዘጋ ቆሟል።

ቧንቧውን ዘጋሁና በገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። የቀረኝ ሰው አንድ ነው። ግራጫዋ ምልክት፣ ቮርድሴንትራሉ፣ ኬኩ፣ ሸሚዙ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጥተው ፊቴ ተቀመጡ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሳሉን ሲውጥ ሰማሁ። ከሳምንታት በፊት ሞቷል፤ እኔ ግን በባቡር ውስጥ ተሸነፍኩ በል ስለው ነበር።

ፊቴን ታጥቤ፣ መጋረጃውን እንደነበረ ስቤ ወጣሁ። ሦስቱም ቆመዋል። ማንም ሳያሳየኝ ሄጄ ከረጅሙ ሶፋ መሀል ተቀመጥኩ። ተሰማ በቀኜ፣ አልማዝ በግራዬ ተቀመጡ። ዘነበች ቅቅሉን አቀረበች።

በላሁ። ዘነበች ከጠዋት ጀምራ ያበሰለችው ነው፣ መኝታ ቤት ያሉት ትንፋሻቸውን ውጠው የተቀመጡት ለእኔ ነው፣ ይህን ሁሉ ድካማቸውን እንዴት ከንቱ አደርገዋለሁ። ሁለተኛውን ጉርሻ ስጎርስ ነው የገባኝ። እነዚያ ሁሉ፣ በእኔ ሶፋ መሀል የተቀመጡት፣ ከእጄ እየበሉ እየሳቁ ደረስኩባቸው ያልኳቸው ሰዎች፣ ያውቁ ነበር። ያችን ሴት አስታወስኩ፣ እናቷ ሞታባት ዓሣ ጥብስ ያቀረብኩላትን፤ እሾሁን እየለቀመች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ጥርግ አድርጋ በላችልኝ። ለእኔ ብላ ነው የበላችው። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው የበሉት።

"ደምሴ" አለ ተሰማ። "እንግዲህ ሁላችንም ሟቾች ነን፣ እግዜር የወደደውን..."

"እንደሱ አይደለም" አልኩት። "መጀመሪያ ስሙን ነው የምትጠራው።"

ተሰማ አየኝ። አልማዝ እጄን ያዘች።

"ዓለማየሁ" አለ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

ወደ ሃግሴትራ መመለስ

የገደለው የስኳር በሽታው ነው አሉኝ። መድኃኒቱ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፣ በታመመበት ሰሞን መንገዱም ስልኩም በጦርነቱ ተዘግቶ ነበር። ወሬው አዲስ አበባ የደረሰው በእግሩ ከመጣ ሰው ነው። እዚህ ከደረሰ ደግሞ ሰንብቷል፤ ልቡ ይመርመር፣ ቅዳሜ ይድረስ፣ አርባው ሳይወጣ ይነገረው ሲባባሉ ከርመዋል። የተሰማን እህት ሞት የፈጠሩትም እኔን ለማምጣት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከተማው ያውቅ ነበር። ሮግስቬድ በርበሬ የሸጠልኝ ሰው ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው የመረቀልኝ። እኔ እየዞርኩ ወንድሜ አኩርፎኛል እያልኩ አስቃቸዋለሁ፤ እነሱም ይስቁልኛል። ስለዚያች ስድስት ዓመት ስላልሞላት ልጅ ሳወራ አዋቂው እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በመኪና ነው የመለሱኝ። ተሰማም ዳሌውን ይዞ መጣ፤ ተው ብንለው እምቢ አለ። ከመንገዱ ዳር መካነ መቃብሩ በሙሉ ሻማ በርቶበት አየሁ፤ ስንት ሺህ መብራት ነው፣ አንዱም አያሞቅም። በዚያ ዓመት፣ በሁለቱም አገር፣ ይጸለይ ነበር፣ ሰው ያልቅ ነበር። ዛሬም ያው ነው። ከዚህ የተሻለ ነገር አግኝቼ ለአንባቢ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አላገኘሁም።

ቤቴ ስንደርስ ለቀስተኛው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። ጫማው በር ላይ ነው። ከበሩ ተርፎ ወደ ደረጃው ወርዷል፤ ደረጃ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው ከሚለው የሕንፃው ማስታወቂያ ሥር እንኳ ሦስት ጥንድ ተደርድሯል። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም። ጫማዬን ማውለቅ አቃተኝ፤ አልማዝ ተንበርክካ ማሰሪያዬን ፈታችልኝ።

"ሸሚዙ ታጥቧል?" አልኳት።

ወዲያው ገባት። "ታጥቧል ጋሼ። በደንብ አጥበው፣ በነጭ ገንዘው ነው የቀበሩት። ጠይቄያለሁ።"

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ እንግዲህ ይህን ነው፤ መርዶ ነጋሪ ማንንም አያታልልም፣ የሚራሩለት እሱ ነው። ሥራውን ትቻለሁ። የሚነግር ቢጠፋ እንኳ አልሄድም።

ከሳምንት በኋላ የጎንደር ስልክ ለጥቂት ደቂቃ ተከፈተ፤ የወንድሜ ሚስት ደወለች። በመጀመሪያ አለቀስን። ከዚያም መልእክቶቼ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደደረሱና እንዳደመጠቻቸው ነገረችኝ። አፈርኩ። እሷ ግን አልከፋትም። "ጋሼ" አለችኝ፣ "ተኝቶም ቢሆን ይጠይቀኝ ነበር፤ ደምሴ ዓመቱን ቀየረ ወይ ይለኝ ነበር። እሑድ ለአርባው መቃብሩ ጋ እንሄዳለን። ምን ልበልልዎ?"

ይህን ሁሉ አፍ ይዤ መልስ አጣሁ። ሁለት ቃል ብቻ ነበረች፣ እሷኑ ማውጣት አቃተኝ። "ጋሼ? አሉ?" አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልተከፈተም፣ እሑዱም አለፈ።

የሮግስቬድ ንግግሬን ከላይ ጀምሬ ሠረዝኩት። አሁን ስለ ዘውድ አያወራም። ርዕሱ ላይ የነበረውን ቁጥርም አጥፍቼ በቦታው 1625 ብዬ ጻፍኩ።

ልክ ነህ።